ያልጻፍኩት መስመር

አውሮፕላኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ግን የሰበረችው አንዲት ልጅ ናት ሲባል እየሰማሁ ዝም አልኩ። ከዝምታም አልፌ፣ በጽሑፍ ተጠይቄ «በእኔ በረራ ላይ ያጋጠመ ችግር የለም» ብዬ ፈርሜያለሁ። ይህን የምጽፈው ያንን ፊርማ ለማንሳት ነው።

ሰው አልሞተም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢን ላለማስጨነቅ ነው እንጂ ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። የልጅቷ ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ተሰበረ፤ ግንባሯ ስድስት ቦታ ተሰፋ። መብረሯም በዚያው ቀን ቀረ። 19 ዓመቷ ነበር።

ያደግሁት ደብረ ዘይት ነው፤ ዛሬ ቢሾፍቱ የምንላት። የአየር ኃይሉ ሜዳ አጠገብ ያደገ ልጅ ሰዓት የሚቆጥረው በሞተር ድምፅ ነው። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹ በትንንሾቹ መለማመጃ አውሮፕላኖች ተነስተው ከተማዋ ላይ ሲዞሩ፣ እናቴ ልብስ ማስጣቷን ትታ ቀና ትልና «በሰላም ይመልሳችሁ» ትላለች። የማንን ልጅ እንደምትመርቅ አታውቅም። እኔ ከጎኗ ቆሜ፣ አንድ ቀን ይህ ምርቃት የእኔ ይሆናል እያልኩ አስብ ነበር።

አየር ኃይል አልገባሁም። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ መጣሁ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ እንደ ብዙው ያገሬ ሰው ታክሲ ያዝኩ። ዓመታት ሰውን ወደ አየር ማረፊያ ሳደርስ ኖሬ፣ 34 ዓመት ሲሞላኝ ከከተማው ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትንሽ ሜዳ የበረራ ትምህርት ጀመርኩ። ከአስተማሪ ጋር የምበርረው አንድ ሰዓት የሁለት ቀን የታክሲ ገቢዬን ይወስድ ነበር። ቢሆንም አንድም ቀን አልቆጨኝም።

የምንማርበት አውሮፕላን ሴስና 172 ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ እስካሁን ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ በዓለም ላይ የዚህን ያህል የተመረተ አውሮፕላን የለም። አራት ሰው ይይዛል፣ ክንፉ ከላይ ነው፣ ሦስት የማይታጠፉ ጎማዎች አሉት። ተማሪ ቻይ ነው ይሉታል፤ እውነትም ብዙ ይችላል። የኋላ ሁለቱ ጎማዎች እንደ ቀስት በሚለጠጡ የብረት እግሮች ላይ ናቸው፤ ተማሪ ቢያፈርጠውም ተለጥጠው ይመልሱታል። የፊተኛው ጎማ ግን እንዲያ አይደለም። እሱ የተያያዘው ሞተሩንና እኛ የተቀመጥንበትን ክፍል ከሚለየው ስስ የብረት ግድግዳ ጋር ነው። ፋየርዎል ይባላል። አውሮፕላኑ በፊት ጎማው ቀድሞ መሬት ከመታ፣ ዱላውን የሚቀበለው ያ ግድግዳ ነው።

አስተማሪዬ ይህን ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም። «የፊት ጎማ ለመንዳት ነው የተሠራው። ለማረፍ አይደለም።»

ከጦር ሠራዊት ጡረታ የወጣ፣ ጸጉሩ ጥጥ የመሰለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝና ኢትዮጵያ ስለው ቁጭ ብሎ ስለ ጆን ሮቢንሰን አጫወተኝ። ሚሲሲፒ፣ ገልፍፖርት ያደገው ሮቢንሰን በ1935 እ.ኤ.አ. ጣልያን ሊወርረን ሲዘጋጅ አዲስ አበባ መጥቶ ትንሿን የአየር ኃይላችንን እንደመራ፣ በ1944 ተመልሶ መጥቶ የኢትዮጵያን ልጆች መብረር እንዳስተማረ፣ በ1954ም እዚያው አዲስ አበባ በትንሽ አውሮፕላን አደጋ እንደሞተ። ከእኔ ይበልጥ ያውቀው ነበር። «እሱ ያገርህን ልጆች አስተማረ። እኔ ደግሞ አንተን» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የዋሸሁት ይህን ሰው ነው።

ብቻዬን የበረርኩበት የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። እንደ ወጋቸው ከሸሚዜ ጀርባ በመቀስ ቆርጦ ቀኑን ጻፈበት፤ ወስጄ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚጠየቅ ነገር ሆነ። ሁለተኛም ጊዜ ብቻዬን በረርኩ። ጥፋቱ የመጣው በሦስተኛው ነው።

የጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የቨርጂኒያ ዛፎች ቀይና ቢጫ ሆነዋል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ለስለስ ያለ። ነፋስ ነው ያሳሳተኝ እንዳልል ነፋስ እንኳ አልነበረም። ሁለት ጓደኞቼን ይዤ መጥቼ ነበር፤ ከአጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በስልካቸው ይቀርጹኛል። ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስት ጊዜ ማረፍ ነበረብኝ። ሁለቱ ደህና ነበሩ።

ሦስተኛው ላይ ከመጠን በላይ ፈጥኜ መጣሁ። ማኮብኮቢያው ላይ ስደርስ ፍጥነቴ 65 ኖት አካባቢ መሆን ሲገባው መርፌው 78 ላይ ነበር። እንዲህ የፈጠነ ሴስና አይወርድም፤ ከአስፋልቱ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። አስተማሪዬ ቢኖር «ጠብቅ፣ ጠብቅ፣ አፍንጫውን ያዘው» ይለኝ ነበር። እኔ ግን አስፋልቱ ከሥሬ እያለቀ ሲሄድ ታየኝና መሪውን ወደፊት ገፋሁት። በፊት ጎማው መሬቱን መታሁት።

ተወርውሬ ወደ ላይ ወጣሁ። እዚህ ላይ የተማርኩት አንድ ነገር ነበር፤ ጋዙን እስከ ጫፍ ሰጥቶ መነሳት፣ ዞሮ እንደገና መምጣት። ጎ አራውንድ ይሉታል፤ ማንም አብራሪ በዚህ አይናቅም። እጄ ጋዙ ላይ ነበር። አልሰጠሁም። ለምን ብባል መልሱን አውቀዋለሁ፤ ልጆቹ እየቀረጹኝ ነው፣ ማረፍ አቃተው ይሉኛል ብዬ ነው። አሁንም ገፋሁት፤ አሁንም መታ፤ ከበፊቱ ይበልጥ ወጣሁ። ሦስተኛው ምት ጥርሴን አንገጫገጨው። ከመቀመጫዬ ኋላ አንድ ነገር «ቋ» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ተረጋግቶ መንከባለል የጀመረው።

ወደ ማቆሚያው ስነዳው ፔዳሎቹ ከእግሬ ሥር ይንዘፈዘፉ ነበር። እስከዚያ ቀን እንዲያ አድርገው አያውቁም።

ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩና ተንበረከክሁ። ከፊት ጎማው በላይ፣ የሞተሩ ክዳን በሚያልቅበት ከታች በኩል፣ ነጩ ቆርቆሮ ተጨማድዷል። ትልቅ አይደለም፤ መዳፍ የማይሞላ ነው። ቀለሙ በቀጭኑ ተሰንጥቆ ብረቱ ያብለጨልጫል። አንዷ ሪቬት ጭንቅላቷ ጠፍቶ ቀዳዳዋ ብቻ ቀርቷል። ጣቴን በጭምድዱ ላይ አሳለፍኩ። ስንጥቁ ጥፍሬን ያዘው።

በዚህ መሃል ልጆቹ «እንኳን ደስ ያለህ!» እያሉ ደረሱ። ብድግ ብዬ ጉልበቴን አራገፍኩ።

በትምህርት ቤቱ እያንዳንዱ ሰው ከበረረ በኋላ የበረረበትን ሰዓትና ያየውን ብልሽት የሚጽፍበት ደብተር ነበር። በክር የታሰረ እስክሪብቶ አለው። 0.9 ብዬ ሰዓቱን ጻፍኩ። ከጎኑ «ብልሽት» የሚለው ሳጥን አለ። እስክሪብቶው እዚያ ላይ ቆመ። የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነበር፤ በፊት ጎማ መታሁ፣ ፋየርዎሉ ይታይ። ያን ብጽፍ አውሮፕላኑ በዚያው ይቆማል፤ መካኒኩ ሰኞ ያየዋል። እኔም ምናልባት ብቻዬን መብረሩ ለጊዜው ይከለከልብኛል፣ ምናልባት የኢንሹራንሱን ድርሻ ክፈል እባላለሁ። ከዚህ የባሰ ምንም አልነበረም።

«የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ነገ ለአስተማሪዬ ብቻውን እነግረዋለሁ ብዬ ሆዴን አባበልኩት። ያን ማታ ከልጆቹ ጋር ሐበሻ ቤት ሄደን ጥሬ ሥጋ በላን፤ ቪዲዮውን ከገበታ ገበታ አዞሩት። ሁለቱን ደህና ማረፊያዎች ብቻ። ሦስተኛውን ራሴ ነኝ ከስልካቸው ያስጠፋሁት። ይህንንም እናዘዛለሁ።

በማግስቱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስልኬን ስከፍተው ከአስተማሪዬ አምስት ጥሪ አገኘሁ።

ልጅቷ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ያንኑ አውሮፕላን ይዛ ብቻዋን ተነስታለች። ከኤል ሳልቫዶር የመጡ እናቷ ሌሊት ሌሊት ቢሮ ያጸዳሉ፤ እሷ ዳቦ ቤት እየሠራች ነበር የምትማረው። ከበረራ በፊት ዞር ዞር ብላ አይታዋለች፤ ጭምድዱ ያለው ግን ከታች ነው፣ ካልተንበረከኩ አይታይም። ደብተሩንም ገልጣ አይታለች። የመጨረሻው መስመር የእኔ ነው፤ «የለም» ይላል። አምናዋለች።

በሁለተኛው ማረፊያዋ ላይ የፊት ጎማው ከሥሩ ታጠፈ። ፕሮፔለሩ አስፋልቱን መታ፣ አፍንጫው ተደፋ፣ አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ሣሩ ውስጥ ገባ። እጇን መሪው ላይ አጥብቃ ይዛ ስለነበር አንጓዋ ተሰበረ፤ ግንባሯን ዳሽቦርዱ መታው።

አጥንት የተሰበረበት አደጋ በአሜሪካ ሕግ ከባድ ጉዳት ነውና መርማሪ መጣ። ከእሷ በፊት የበረረው እኔ ስለሆንኩ አንድ ወረቀት ተላከልኝ። ያልተለመደ ነገር አጋጥሞህ ነበር ወይ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ አደረ። የሞተር ማቀፊያው፣ ፋየርዎሉ፣ ጎማው ሁሉ በእሷ አደጋ ስለተሰባበረ አሮጌውን ጉዳት ከአዲሱ የሚለይ እንዳልተገኘ ሰምቼ ነበር። ይህን መስማቴ ነው ያጠፋኝ። ጠዋት ፈርሜ ላክሁት። ትምህርት ቤቱ ጥፋቱ የልጅቷ ነው፣ በፊት ጎማ አሳርፋው ነው ብሎ ደመደመ። የኢንሹራንሱን ድርሻ ከዳቦ ቤት ደሞዟ በየወሩ እየቆረጠች ከፈለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጽሐፎቿን ልትመልስ መጥታ በር ላይ ተገናኘን። እጇ በጀሶ ነው። አየችኝና ሳልጠይቃት፣ «እውነቴን ነው የምልህ፣ ቀስ ብዬ ነው ያሳረፍኩት። በኋላ ጎማ ነው ያረፍኩት» አለችኝ። የሚያምናት አንድ ሰው ትፈልግ ነበር። እውነቷን መሆኑን በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው ፊቷ ቆሟል።

«አይዞሽ፣ ሁላችንንም ያጋጥማል» አልኳት።

በሕይወቴ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ። እንደዚች «አይዞሽ» የሚከብደኝ የለም።

ትምህርቴን ቀጠልኩ፤ በዓመቱ ፈቃዴን ያዝኩ። እናቴ በስልክ እልል አለች። ከጊዜ በኋላ ለንስሐ አባቴ «ሰው በድያለሁ» ብዬ ነገርኳቸው። ማንን፣ በምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ሸፋፍኜ አለፍኩ፤ በሥራ ቦታ ነው አልኳቸው። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። በኑዛዜ እንኳ ሸሽቻለሁ።

ወደ ምዕራብ ስበርር ብዙ ጊዜ ማውንት ዌዘር በሚባለው የብሉ ሪጅ ጫፍ አጠገብ አልፋለሁ። አንድ ቀን ስለዚያ ተራራ አነበብኩ። በ1974 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ የመጀመሪያው ቀን፣ እሁድ፣ የቲደብሊውኤ አየር መንገድ በረራ 514፣ ቦይንግ 727፣ ዋሽንግተን ናሽናል አየር ማረፊያ በነፋስ ምክንያት ማረፍ አቅቶት ወደ ደለስ አየር ማረፊያ ሲዞር እዚያ ተራራ ላይ ወደቀ። 92 ሰዎች ነበሩበት፤ አንድም አልተረፈም። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 22 ቀን 1967 ነው። ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት በደርግ በተገደሉ በስምንተኛው ቀን ነውና አገራችን የራሷን ለቅሶ ይዛ ነበር፤ የዚያን ተራራ ወሬ ማን ይሰማል።

አብራሪዎቹ ለማረፍ እንዲቀርቡ ፈቃድ ሲሰጣቸው እስከ 1,800 ጫማ መውረድ የሚችሉ መስሏቸው ነበር። ተራራው ከፊታቸው ነው። ንባቤን አቋርጬ እንድነሳ ያደረገኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከአደጋው ስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ስፍራ በዚያው ዓይነት አለመግባባት ከተራራው ለጥቂት ተርፈው ነበር። ለመሥሪያ ቤታቸው ተናግረዋል፤ መሥሪያ ቤታቸውም የራሱን አብራሪዎች አስጠንቅቋል። ወሬው ከዚያ ቤት አልወጣም። ቲደብሊውኤዎቹ አልሰሙም።

ከዚያ አደጋ በኋላ ነው በ1976 እ.ኤ.አ. በናሳ የሚመራ ክፍል የተቋቋመው። አብራሪው፣ መካኒኩ፣ ተቆጣጣሪው ስሕተቱን በራሱ እጅ ጽፎ ይልካል፤ ስሙ ያለበት ቁራጭ ተቀዶ ይመለስለታል፤ የጻፈው ለሌላው መማሪያ ይሆናል። አደጋንና ወንጀልን አይሸፍንም እንጂ በቅንነት የተሳሳተ ሰው እንዳይፈራ ተብሎ የተሠራ ነው። ለፈቃዴ ፈተና ሳጠና ይህን ሁሉ በቃሌ አጥንቼ ነበር። ጥያቄው መጥቶልኝ በትክክል መልሻለሁ።

የዩናይትድ ሰዎች ቢያንስ በቤታቸው ተናገሩ። እኔ በክር ለታሰረ እስክሪብቶ እንኳ አልተናገርኩም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሁዱን ከቅዳሴ በኋላ አንድ አባት ጋ ሄድኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት ከስዊድኖቹ ሳፊር ጀምሮ እስከ ኤፍ-5 ድረስ የአውሮፕላን መካኒክ የነበሩ፣ ዋሽንግተን መጥተው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ያደግሁት እሳቸው በፈረሙበት አውሮፕላን ድምፅ ነው ማለት ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ምንም አልሸፈንኩም። ሲሰሙ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ስጨርስ፣

«ጣትህን አሳልፈህበታል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጥፍርህን ያዘው?»

«ያዘው።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እንግዲያው አውቀሃል ልጄ። እኛ ስንማር የተነገረን ይኸው ነው። ዓይን ይሳሳታል፣ ጥፍር ከያዘ ግን ስንጥቅ ነው፣ አውሮፕላኑ ይቆማል። አልገባኝም ነበር ማለት አትችልም።»

ከዚያ አንድ ነገር አጫወቱኝ። ደብረ ዘይት በነበሩ ጊዜ ማታ ማታ መፍቻ ሁሉ ተቆጥሮ ሳጥኑ ይዘጋል። አንድ ማታ አንዲት ትንሽ መፍቻ ጎደለች። የአሥራ ስምንት ዓመት ወታደር እየተንቀጠቀጠ ቀርቦ «እኔ ነኝ፣ የት እንደጣልኳት አላውቅም» አለ። በማግስቱ ሊነሱ የነበሩት አውሮፕላኖች በሙሉ ቆሙ፤ በባትሪ ብርሃን ሲፈለግ አደረ። ሊነጋ ሲል ከአንዱ ወንበር ሥር፣ ከመሪው ሽቦ አጠገብ ተገኘች። «አለቃው ልጁን አልቆጣውም። ሻይ አስፈልቶ አጠገቡ አስቀመጠው። በኋላ ስንጠይቀው፣ ይህን ልጅ ዛሬ ብመታው ነገ የሚነግረኝ አላገኝም አለን።» ጋሼ ይህን ብለው መቋሚያቸውን ያዙ። «ለእኔ ነግረኸኛል፤ ደግ አድርገሃል። እጇ የተሰበረው ግን የእኔ አይደለም። ሂድ።»

ልጅቷን ፈልጌ አገኘኋት። የምትሠራው ያው ዳቦ ቤት ነው፤ አሁን ኃላፊዋ እሷ ናት። የሦስት ዓመት ልጅ አላት። ጥግ ካለ ጠረጴዛ ተቀምጠን ነገርኳት፤ ቪዲዮውን ማስጠፋቴ ሳይቀር። አላለቀሰችም። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንጓዋን ታይ ነበር።

«ያን ቀን በሩ ላይ አይዞሽ ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ተነሳች። ሰው መጥቶ ነበርና ሄዳ ዳቦ ሸጠች፣ መልስ ሰጠች፣ ጠረጴዛውን ጠረገች። ተመልሳ ስትቀመጥ፣ «እጄን ነበር የጠላሁት» አለችኝ። «ልጄን አቅፌ ደረጃ ስወርድ እንኳ እጄን አላምነውም ነበር። እናቴ ትያዘው እላለሁ። ቀስ ብዬ እንዳሳረፍኩት አስታውሳለሁ፤ ሁሉም አይደለም ሲለኝ ግን ማስታወሴንም ተጠራጠርኩ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም እንድትል አልጠበቅሁም። የከፈለችውን ገንዘብ በፖስታ ይዤ ነበር። ቆጥራ ወሰደችው፤ ገንዘቧ ነው። አንድ ነገር ብቻ አዘዘችኝ። ጥፋቱ የእሷ ነው ለተባሉት ሰዎች ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ በእጄ እንድጽፍ።

ጻፍኩ። ለትምህርት ቤቱ ባለቤት፣ ወረቀቱን ፈርሜ ለላክሁበት የምርመራ መሥሪያ ቤት፣ ያን ጊዜ አብረውን ለተማሩ ላገኘኋቸው አራት ሰዎች፣ ለእናቷ። የምርመራው መሥሪያ ቤት መልስ ገና አልደረሰኝም። በፈቃዴ ላይ የሚወስኑትን እቀበላለሁ፤ እስከዚያው መብረር አቁሜያለሁ።

የከበደኝ ለአስተማሪዬ የጻፍኩት ነው። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሴት ልጃቸው አንብባላቸው ስልክ ደወሉልኝ። እንደ ድሮው አንተ ልላቸው አፌ እምቢ አለኝ። ቁጣቸውን ጠብቄ ነበር። «እጇ ለማሳረፍ የሚሆን አይደለም ብዬ ማኅደሯ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተቆራረጠ። «የፈረምኩላት እኔ፣ የኮነንኳትም እኔ።» የእኔ ውሸት እኚህንም ሰው በዳይ አድርጎ ሰባት ዓመት እንዳኖራቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ቁጥሯን ጠየቁኝና ራሳቸው ደወሉላት። የተነጋገሩትን አላውቅም።

ዛሬ ልጆቻችን በአዲስ አበባም፣ እዚህ በቨርጂኒያም መብረር እየተማሩ ነው፤ ሲነሱ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። እናንተ ልጆች፣ ማረፊያ የማይበላሽበት ተማሪ የለም። በፊት ጎማ ከመታችሁ ተንበርክካችሁ እዩ፣ ያያችሁትን ጻፉ፣ እስክሪብቶው ከእጃችሁ ሳይወርድ ጻፉ። ነገ እነግራለሁ አትበሉ። ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት ሌላ ሰው ይዞት ይነሳል። አስተማሪዎችም ብትሆኑ፣ የሚናገረውን ተማሪ ሻይ ጠጥቶ እንዲሄድ አድርጉት።

የተቆረጠውን ሸሚዝ ከግድግዳው አውርጄዋለሁ። የበረራ መዝገቤን ገልጬ የዚያን ቅዳሜ መስመር አወጣሁት። «ሶሎ፣ 0.9፣ ማረፊያ 3» ይላል። ከጎኑ በቀረው ባዶ ቦታ ላይ ጻፍኩበት፤ ሦስተኛው በፊት ጎማ፣ ሦስት ጊዜ መታሁ፣ ፋየርዎሉ ተጨማድዷል፣ ለማንም አልተናገርኩም። ቀኑን የጻፍኩት የዛሬውን ነው።

ልጅቷ እስካሁን ወደ ሜዳው አልተመለሰችም።